ጭጋጉ እስኪገለጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በጥቅምት ወር፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስላደረግነው ጉዞ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ስለ ቦታው የምናውቀው ለፈተና የሸመደድነውን ያህል ነበር፦ ራስ ዳሸን የአገራችን ከፍተኛው ተራራ መሆኑን፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ መሆኑን፣ ዋልያ የሚኖረውም በዚያ ብቻ መሆኑን። ሁሉም እውነት ነው፤ ነገር ግን ምድሩ ለምን እንዲያ እንደሆነ አንዱም አልነገረኝም ነበር።

ከደባርቅ በማለዳ ተነሥተን ሳንቃበርን እንዳለፍን ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ጂንባር ፏፏቴ በእግር አቀናን። ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ግን ጭጋግ ሸለቆውን ሞልቶት ስለነበር ከፊታችን ከነጭነት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ብዙዎቻችን እንመለስ ብንልም የጂኦግራፊ መምህራችን አልተስማሙም፤ ከአፋፉ ራቅ ብለን እንድንቀመጥና ዝም ብለን እንድናዳምጥ አዘዙን። ውሃውን ሳናየው ሰማነው። ተራራ ላይ ወጥተናል ብለን ስናስብ የፏፏቴው ድምፅ ከእግራችን በታች፣ እጅግ ከጥልቅ ይመጣ ነበርና በጣም ግራ ተጋባሁ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ጭጋጉ ከወዲያ ማዶ ጀምሮ ተገለጠ። ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል የሚባለው ውሃ መነሻው ጥርት ብሎ ሲታይ መጨረሻው ግን ወደ ርጭት ተለውጦ ይጠፋል። ዓይኔን ይበልጥ የያዘው ግን ገደሉ ራሱ ነበር፦ አንዱ በአንዱ ላይ አግድም የተነባበረ ጥቁር ድንጋይ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋግሞ የፈሰሰ ቅልጥ አለት እየረጋ እንደተነባበረና ወንዞች ለረጅም ዘመን እየሸረሸሩ እንደቆራረጡት መምህራችን ያስረዱን በዚያው ቅጽበት ነው። ለካ ተራራ የምንለው ውሃ ገና ያልወሰደው ነው! ይህን በክፍል ውስጥ ቢነግሩን ኖሮ ጽፌው እረሳው ነበር፤ ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ስለነገሩኝ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በመቆየታችን ከታቀዱት የመመልከቻ ቦታዎች አንዱን ሳናይ ቀርተናል፤ ያን ጊዜ ቅር ያላቸው ነበሩ። እኔ ግን የትምህርት ቤት ጉዞ የሚያዘጋጁ መምህራንን ሁሉ የምለምነው ይህንኑ ነው፦ ቦታ ቀንሱና ጊዜ ጨምሩ። ተማሪ ከአውቶቡስ ወርዶ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለስበት ጉዞ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ቢሸፍን፣ ያን ተማሪ ከመጽሐፉ ብዙም አያርቀውም።

ከሰዓት በኋላ ጨነቅ ከሚባለው ቦታ ደረስን። ከፍታው ከ3,600 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ጥቂት እንደተራመድን ትንፋሻችን አጠረ፣ አንዳንዶቻችንንም ራስ ምታት ያዘን። ዋልያ አላየንም። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ግን በመንጋ ሆነው ተቀምጠው ሣሩን በሁለት እጃቸው እየነጩ ይበሉ ነበር፤ እኛም ዝም ብለን ከመካከላቸው ትንሽ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዱ፤ ሌሊቱን ከአዳኝ አውሬ ተሸሽገው የሚያድሩት እዚያው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ከአፋፉ ራቁ ተብለን የታዘዝነው እኛ፣ አንዲት እናት ግልገሏን በጀርባዋ አዝላ በዚያ ቀጥ ያለ ድንጋይ ላይ ወደ ታች ስትወርድ ትንፋሻችንን ይዘን ተመለከትን።