«ከፈለግህ» ማለት «ተነሣ» ሲሆን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ቤተሰቡ ተኝቷል፣ ማይኩን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሻይ ጥጃለሁ። ማንቆርቆሪያው መሀል ላይ ከጮኸ እንዳትደነግጡ።

አያችሁ፣ ገና ደቂቃ ሳይሞላኝ አንዲት «ከ» አመለጠችኝ። «ከጮኸ እንዳትደነግጡ።» የዛሬው ወሬዬ ስለ እሷና ስለ ፈረንጅ ዘመዷ ነው፤ ስለ «ኢፍ»።

ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳውን በጠመኔ ለሦስት ይከፍሉታል። ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ፣ ታይፕ ስሪ። በመጀመሪያው ዝናብ ከዘነበ ቤት እቀመጣለሁ፤ «ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ስቴይ አት ሆም»። በሁለተኛው ገንዘብ ቢኖረኝ መኪና እገዛለሁ፤ የምኞት ነው። በሦስተኛው አጥንቼ ቢሆን ኖሮ አልፍ ነበር፤ የቁጭት ነው። ዝናብ፣ ገንዘብ፣ ፈተና። እንግዲህ የእኛን ሕይወት ሰውዬው በሦስት መስመር ጨርሰውት ነበር።

እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ጎበዝ ነበርኩ። ምርጫ ሲመጣ ዓይኔን አላሽም። እንደ ሂሳብ ነው የማየው፤ ግራው እንዲህ ከሆነ ቀኙ እንዲህ ይሆናል፣ አለቀ። «ኢፍ» ካለችበት ጎን የወደፊት ጊዜዋ «ዊል» አትገባም፣ ያስገባ ዜሮ ያገኛል። ይህን ይዤ ነው አሜሪካ የገባሁት።

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ነው። የቁርስ ሰዓት ደርሷል፣ ትሪዎቹ በጋሪ ላይ ተደርድረዋል። አለቃዬ መጣች፤ ደግ ሴት ነች፣ ፈገግታዋ አይጠፋም። «ኢፍ ዩ ዋንት ቱ ጎ አሄድ ኤንድ ስታርት ዊዝ ዘ ትሬይስ…» አለችኝና ድምፅዋ ጫፉ ላይ ከፍ ብሎ ቀረ። ከትሪዎቹ መጀመር ከፈለግህ… እሺ፣ ከዚያስ? ግራው መጣ፣ ቀኙን እጠብቃለሁ። እሷም እኔን ታየኛለች። ዝም ተባባልን። ዓረፍተ ነገሩ እንደማይቀጥል ሲገባኝ፣ ምርጫ ከተሰጠኝ አይቀር ብዬ፣ በሙሉ ትሕትና መለስኩ፦ «ኖ፣ ታንክ ዩ። አይ አም ኦኬ።»

ፈገግታዋ እዚያው ደረቀ።

እዚያ ብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት የእኛ አገር ሴት ነበሩ፤ ጋሪውን እየገፉ ሲያልፉ ሰምተውኛል። ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው? ‹ከፈለግህ› ያለችህ መሰለህ እንዴ? ‹በል ተነሣ› ነው ያለችህ!» አሉኝ። «እትዬ፣ ‹ኢፍ› ብላ…» ስላቸው፣ «የምን ኢፍ ነው? ትሪውን አንሣ!»

አነሣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ሌላ ሆነ። ክሊኒክ ስሄድ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «ኢፍ ዩ ኩድ ጀስት ሳይን ሂር» ትላለች፤ እዚህ ጋ ቢፈርሙ ማለቷ ነው። ካልፈረምኩ ምን እንደሚሆን አልነገረችኝም፣ ብፈርም ምን እንደማገኝም አልነገረችኝም። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግን ሙሉ ትእዛዝ ነው። መምህሬ በሦስት የከፈሉት ሰሌዳ ላይ ቦታ የለውም። አራተኛ ዓምድ ያስፈልገው ነበር።

ቆይ፣ ማንቆርቆሪያው… አዎ። መጣሁ።

እሺ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህ አይደለም። እኔ ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር! እናቴ ድስት ላይ ሆና «እስቲ ያንን ጨው ብታቀብለኝ» ስትል፣ ባቀብልሽ ምን ይሆናል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሮጬ ነው የማቀብለው። ጓደኛዬ «ቡና ብንጠጣስ?» ሲለኝ ቀሪውን አልጠበቅሁም። አባቴ ራዲዮኑን እያየ «ብትነካው!» ካለማ የተቀረውን የሚነግረኝ ጀርባዬ ነው። አማርኛው ላይ ጌታ ነበርኩ። እንግሊዝኛውን በጠመኔ ስለተማርኩት ግን ሰው አፍ ውስጥ ስሰማው አላወቅሁትም።

ስለዚህች ቃል አንድ የወደድኩት ጉዳይ አለ። ጄ. ኤል. ኦስቲን የሚባል የኦክስፎርድ ፈላስፋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ለብሪታኒያ አካዳሚ በሰጠው ንግግር ላይ አንዲት ተራ ዓረፍተ ነገር ያነሣል፤ ከፈለግህ ብስኩት ቡፌው ላይ አለ የምትል። የእሱ ነጥብ ምን መሰላችሁ፣ ብስኩቱ ብፈልገውም ባልፈልገውም እዚያው ነው። እኔ ስላልራበኝ ብስኩቱ አይጠፋም። ታዲያ ያ «ከፈለግህ» ምን ይሠራል? ከዚያ ወዲህ የቋንቋ ሰዎች ይህን ዓይነቱን የብስኩት ኮንዲሽናል፣ የብስኩት «ከ» እንደማለት፣ እያሉ ይጠሩታል። እኔ ስሰማው የመጣብኝ ቤታችን ነው። «ከራበህ መሶቡ ውስጥ እንጀራ አለ።» ፈላስፋ ባያየውም እኛ ቤት በየቀኑ ይባል ነበር። ባይርበኝም እንጀራው አለ። እናቴ የምትነግረኝ ስለ እንጀራው ብቻ አልነበረም፤ አላስገድድህም፣ ግን አስቤልሃለሁ ነው ነገሩ። ግሮሰሪ ውስጥም ሠራተኛው «ኢፍ ዩ አር ሉኪንግ ፎር ኮፊ፣ ኢትስ ኢን አይል ሰቨን» ሲለኝ አሁን ይገባኛል። ባልፈልገውም ቡናው መደርደሪያ ሰባት ነው።

ታዲያ ፈረንጆቹ ለምን ዙሪያውን ይዞራሉ? በቀጥታ ለምን አይሉም? እኔ የራሴ ግምት አለኝ፤ የቋንቋ ምሁር አይደለሁም፣ ስታርሙኝ ደስ ይለኛል። እኛ አክብሮታችንን ግሱ ውስጥ ቀብረነዋል። «ይፈርሙ» ካልኩ ተከብረዋል፣ «ፈርም» ካልኩህ ወይ ወዳጄ ነህ ወይ ታናሼ ነህ። እንግሊዝኛም አንድ ጊዜ ይህ ነበረው። «ዛው» ለአንተ፣ «ዩ» ለእናንተና ለአንቱታ። «ዛው»ን በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚያ «ዛው» ከብዙው ሰው አፍ ጠፋና ፕሬዚዳንቱም ድመቷም «ዩ» ሆኑ። የሚገርመው፣ ዛሬ «ዛው» የሚሰማው በአብዛኛው ጸሎት ላይ ስለሆነ አሜሪካኖቹ የአንቱታ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ እኛም እግዚአብሔርን አንተ ነው የምንለው። እና አንቱታውን ያጣ ቋንቋ አክብሮቱን የት ያስቀምጠው? «ኢፍ»ና «ኩድ»ና «ዉድ» ላይ ይመስለኛል።

ደግሞ ልብ በሉ፣ «ኩድ» ያለፈ ጊዜ ነው። አሁን እንድፈርም እየጠየቀችኝ ለምን ያለፈ ጊዜ ትጠቀማለች? ይህን ሳሰላስል ነው አንድ ቀን ለአንድ ሽማግሌ ስልክ ስደውል ራሴን የታዘብኩት፦ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር።» ፈልጌ ነበር! አሁንም እፈልጋለሁ እኮ፣ ለዚህ አይደል የደወልኩት? ግን «እፈልጋለሁ» ብል ፊታቸው ላይ እንደቆምኩ ያህል ነው። «ነበር» ስል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩላቸው። ፈረንጁም እንዲሁ ያደርጋል።

«ኢፍ» ካለችበት ጎን «ዊል» አይገባም የሚለው ሕግስ? «ኢፍ ዩ ዊል ፎሎው ሚ» ሲሉኝ መጀመሪያ ስህተት መስሎኝ ነበር። ግን ልክ ናቸው። እዚህ ጋ «ዊል» የወደፊት ጊዜ ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ ፈቃድዎ ከሆነ ይከተሉኝ። ያው ቃል ጠበቃ ቢሮ ሲገባ ኑዛዜ ይሆናል፣ እሱም የሟች ፈቃድ ነው። መምህሬ አልተሳሳቱም፣ ግን የበሩን ግማሽ ነው የከፈቱልኝ።

ሦስተኛውን ዓምድ ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያፈርሱታል። እዚሁ ባልቲሞር ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባዬ ባውቅ ኖሮ ለማለት «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ኖውን» ይላል፣ ከሁለቱም ወገን «ዉድ ሃቭ» እየደረደረ። በጽሑፍ ቢሆን አራሚ ይሠርዝበታል፤ በንግግር ግን ብዙ አሜሪካዊ እንዲሁ ነው የሚለው። እኔ የተማርኩትን ይዤ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን» ስል፣ «አንተ እንደ መጽሐፍ ነው የምትናገረው» ብሎ ይስቅብኛል። እኔማ በልቤ ኤክስ እያደረግሁበት ነው። ለነገሩ እኛስ መቼ እንጨርሰዋለን? «ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር» ማለት ሲገባን «ባውቅማ!» ብለን ራሳችንን ነቅንቀን እንተወዋለን።

«ሹድ ዩ ሃቭ ኤኒ ኩዌስሽንስ»፣ ጥያቄ ካለዎት፣ የሚለውን ከባንክ ደብዳቤ ውጭ ሰው ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። እለፉት።

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ ባለፈው እሑድ ነው። እናቴ በቪዲዮ ደውላ፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚሁ የተወለደች። እናቴ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ዘይት ዋጋ ስታወራ ቆይታ በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «እንግዲህ ዘንድሮ እንኳ ለፋሲካ ብትመጡ…» አለች። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ደህና እደሪ፣ ደህና እደሩ ተባብለን ዘጋን።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «አባ፣ ብንመጣ ምን?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አያቴ እኮ አልጨረሰችውም። ብትመጡ ብላ… ከዚያስ?»

ቀኙን እየጠበቀች ነው። «አለቀ እኮ፣ ሌላ የለውም» አልኳት። አላመነችኝም። «ታዲያ እየጠየቀችን ነው ወይስ እያዘዘችን?» ስትል፣ እትዬ ጥግ ወስደው የነገሩኝን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። የትኬት ዋጋ ማየት ጀመርኩ።

ሻዬም ቀዘቀዘ። በሉ ደህና ሁኑልኝ።