«አይሆንም» ከነምክንያቱ

ክቡራትና ክቡራን፣ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ፕሮጀክት የምትመሩና ኮድ የምታዋጡ ሁሉ፣ ዛሬ የማወራው ትችትንና የተጠቃሚ ጥያቄን እንዴት እንደምንመልስ ነው፦

«ይህ ሶፍትዌር አይረባም፤ ፋይሌን ሁለቴ አጠፋብኝ» የሚል መልእክት መጣ እንበል። ግማሹ ዘለፋ ነው፤ ግማሹ ግን ከባድ ባግ (የኮድ ስህተት) ነው። መልሳችሁ ለባጉ ብቻ ይሁን፦ «ፋይል መጥፋቱ ከባድ ነው። ስሪቱ ስንት ነው? ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻው ትእዛዝ ምን ነበር?» ስለ «አይረባም» ከተከራከራችሁ ባጉ እዚያው ይቀራል። ዘለፋው ሰው ላይ ካነጣጠረ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ደንብ ነው። ደንቡ ደግሞ ለመሪም ይሠራል፤ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ አነጋገሩ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ከሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሥራ ለጥቂት ጊዜ ገለል ብሎ ነበር።

የፊቸር (የአዲስ ተግባር) ጥያቄ ሌላ ችግር አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መፍትሔ ሆኖ ነው። «ወደ ኤክሴል መላኪያ ቁልፍ ጨምሩ» ላለ ሰው «ፋይሉን ከላኩ በኋላ ምን ያደርጉበታል?» በሉት። የሚፈልገው የሳምንቱን ድምር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ አንድ መስመር ነው። ቁልፉን ብትጨምሩ ግን ሙከራው፣ ሰነዱና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች መተርጎሙ ለዓመታት የእናንተ ሸክም ነው። ኮዱን ጽፎ ያመጣው ሰው ነገ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ አዋጪዎች፣ ሺህ መስመር ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አሥር መስመር ሐሳብ አቅርቡ፦ ችግሩ ምንድን ነው፣ ዛሬ እንዴት እየታለፈ ነው፣ ሌላ ምን አማራጭ ታይቷል፣ ጉዳቱስ? የራስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሐሳብ ማቅረቢያ ቅጽ ጉዳትና አማራጭን ለየብቻ ይጠይቃል፤ ከውሳኔ በፊትም የ10 ቀን የመጨረሻ አስተያየት ጊዜ ይሰጣል። ቀነ ገደብ የሌለው ክርክር የሚያልቀው ሰው ሲደክመው ነውና ይህን እወደዋለሁ።

አንድ ሰው ብቻ ሲወስን ደግሞ ትችቱ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በ2018 እ.ኤ.አ. «ፔፕ 572» በተባለው የቋንቋው ማሻሻያ ሐሳብ ላይ ከተነሳው ሙግት በኋላ የመጨረሻ ወሳኝነቱን ተወ፤ ዛሬ በቦታው የተመረጡ 5 አባላት ያሉት ምክር ቤት አለ።

ከሁሉ የሚከፋው ዝምታ ነው፤ ጠያቂው በተስፋ ይቆያል፣ ሌላው ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይከፍታል። እምቢ ስትሉ ጥያቄውን ዝጉና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምክንያቱን፣ ጠያቂው እስከዚያ የሚጠቀምበትን መንገድ፣ ምን ቢቀየር እንደገና እንደምታዩት። ከዚያ ያንን ገጽ ከፕሮጀክቱ ሰነድ ጋር አያይዙት፤ ለቀጣዩ ጠያቂ ማስፈንጠሪያውን መላክ ብቻ ይበቃችኋል።

አመሰግናለሁ።