ደንቆሮው ጫካው አይደለም

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ደሴን ጉም ውጧታል፤ ጦሳ ተራራ የት እንዳለ የሚያውቀው ራሱ ጦሳ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ለቡናና ለምሬት ይመቻል። እኛም ዛሬ ምሬት እናወራለን፣ የፓርክ ምሬት።

የሚባለውን ታውቁታላችሁ። መግቢያ ተከፍሎ መጸዳጃ የለም። መንገድ የሚያሳይ ሰሌዳ የለም። ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ ተራራ የሚወጣው በራሱ ጫማ ነው። ከብቱ ጓሳው (የደጋው ሣር) መሃል ተሰማርቷል፣ ዞር በል የሚለው የለም። በመጨረሻ አንዱ ስኒውን ያስቀምጥና "ለመሆኑ ብሩ የት ነው የሚገባው?" ይላል። ሌላው "እሱን እንኳ ተወው" ይለዋል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ ወሬው ካለቀበት ልጀምር። "ይበሉታል" የሚለው መልስ የሚወደደው ቀላል ስለሆነ ነው። ሌብነት የለም እያልኩ አይደለም። ግን ማንም ሰው አንዲት ሳንቲም ባይነካ እንኳ ስካውቱ ያለ ጫማ የሚቀርበት መንገድ አለ። እሱን ነው ዛሬ የምንፈታታው።

ምሳሌያችን የራሳችን ይሁን፣ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ። ከደሴ ተነስታችሁ በጉጉፍቱ፣ በካቤ፣ በአቀስታ አድርጋችሁ ወደ መካነ ሰላም ስትሄዱ የምትደርሱበት። ድሮ ደንቆሮ ጫካ ነበር የሚባለው፤ አሁንም ብዙ ሰው በዚሁ ስሙ ነው የሚጠራው። ስሙን ሰምታችሁ ሳቅ ካላችሁ አብሽሩ፣ የማይሰማው ማን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እንደርስበታለን። በ2001 ዓ.ም. ፓርክ ሲሆን ከ4,300 ሄክታር ትንሽ ቢበልጥ ነበር፤ በኋላ የወረሂመኖ ወገን ተጨምሮበት ከ15 ሺህ ሄክታር አለፈ። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ሰስና ነብር ይኖሩበታል።

መጀመሪያ በሩን እንለይ፤ ግማሹ ምሬት የተሳሳተ በር ስለሚያንኳኳ። በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ፓርኮች ለሁለት ይከፈላሉ። አገራዊና ዓለም አቀፋዊ ትርጉም ያላቸውን፣ እንዲሁም ክልል የሚሻገሩትን የፌዴራሉ መንግሥት ያስተዳድራል፤ ለዚህ ሥራ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ 575/2000 ተቋቁሟል። ሰሜን ተራሮች፣ ባሌና አዋሽ እዚያ ናቸው። የቀሩት የክልል ናቸው፣ የኛውም የክልል ነው። "ብሔራዊ" የሚለው ቃል ሰውን አዲስ አበባ ይልከዋል፣ ጉዳዩ ግን ባሕር ዳር ነው ያለው።

ወደ ብሩ እንምጣ። በር ላይ የከፈላችሁት መግቢያ፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ በመደበኛው አሠራር ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል። ፓርኩ የሚተዳደረው በጸደቀለት በጀት ነው እንጂ በሰበሰበው ገቢ አይደለም። ሺህ ጎብኚ ቢመጣ በዚያው ዓመት ለፓርኩ የሚጨመርለት ነዳጅ የለም፤ ለአስጎብኚውና ለበቅሎ አከራዩ በቀጥታ የሚከፈለው ሌላ ነገር ነው። "እንግዲያው ገቢውን ሙሉ በሙሉ ለራሱ ይተዉለት" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በ2012 ኮሮና መጣ፣ ተከትሎ ጦርነት፤ ጎብኚ ድራሹ ጠፋ። በገቢው ብቻ የሚኖር ፓርክ ቢሆን ያን ጊዜ ደመወዝም አይከፍልም ነበር። ከገቢው የተወሰነ እጅ ለሥራ ማስኬጃ ይመለስ ቢባል ግን ያስኬዳል፣ በሩ ላይ ያለው ሰውም ደረሰኝ የሚቆርጥበት ምክንያት ይኖረዋል።

የገንዘብ ማነስ ብቻ ግን አይደለም። ያለውም ገንዘብ በማይሆን ወር ይመጣል፣ በማይሆን መደብ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው ያለው።

ወሩን እንይ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከጎኑ የጫካውን ዓመት አስቀምጡት። ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፣ ሞተር ሳይክል ጭቃውን አያልፍም። በጀቱ ተደልድሎ፣ የግዢ ዕቅዱ ጸድቆ ብር መንቀሳቀስ ሲጀምር መስከረምና ጥቅምት ይገባል። ጫካው ደግሞ ብሩን የሚፈልገው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፣ የእሳት መከላከያ መስመር የሚጠረገው ያኔ ስለሆነ። ቀድማችሁ ከጠረጋችሁት ሣሩ መልሶ ይበቅልበታል። ከዘገያችሁ ደርቆ ይጠብቃችኋል፣ ለማር ቆራጭ ጭስ አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። መስመሩ ከ6 እስከ 10 ሜትር ይሰፋል፣ ሣሩ ከነሥሩ ተነቅሎ አፈሩ እስኪታይ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ባለበት ቦታ ሰፋ ማድረግ ነው የሚሻለው፤ አስታ እርጥቡም ይነዳል። አሁን እናስላ፦ 8 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ኪሎ ሜትር መስመር 8,000 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሰው በቀን 100 ካሬ ሜትር ቢያጸዳ 80 የሰው ቀን ይፈጃል። ይህ የቀን ሠራተኛ ብር ታኅሣሥ ላይ ካልተገኘ፣ የካቲት ላይ ቢገኝ ጥቅሙ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ወሎ ደጋ በልግ አለው፤ በልጉ ከዘነበ እግዜር ያጠፋልናል፣ ከቀረ እስከ ግንቦት እሳት በቋፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ሕዝቡ በቅጠልና በዶማ ታገለው፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ። ሄሊኮፕተሩን ሁሉም ያስታውሳል። ኅዳር ላይ ስለሚጠረግ መስመር ግን ዜና ማንም አይሠራም።

ሰኔ ሲደርስ ደግሞ ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ ሩጫ ይጀመራል፤ ቶሎ የሚገዛ ነገር ይገዛል፣ ወረቀት፣ ወንበር፣ ቶነር። ሰኔና ሰኞ ሲገጥም እንደሚባለው ነው። ወንበሩን ያየ ሰው "ለወንበር ብር አለ፣ ለጫማ የለም?" ብሎ ይናደዳል። መናደዱ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ቀን መቁጠሪያው ውስጥ ነው።

መደቡ ሁለተኛው ጣጣ ነው። በመንግሥት ሂሳብ እያንዳንዱ የወጪ ዓይነት የራሱ መደብና ቁጥር አለው፦ ደመወዝ 6111 ነው፣ የደንብ ልብስ 6211፣ ነዳጅና ቅባት 6217፣ ውሎ አበል 6231፣ የተሽከርካሪ ጥገና 6241። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሁ አይሻገርም፣ የበጀት ዝውውር ተጠይቆ መፈቀድ አለበት። 6217 ላይ ነዳጅ አለ እንበል፣ 6231 ግን መጋቢት ላይ አልቋል። ሞተሩ ይነሳል፣ ስካውቱ ግን ውጭ የሚያድርበት አበል ስለሌለው ማታ ይመለሳል። እንጨት ቆራጩም ይህን ያውቃል፣ ሌሊት ይገባል። ወይም ሁሉም አለ፣ ጎማ ፈነዳ። ጎማው ሞዴል 20 በሚባል ቅጽ ይጠየቃል፣ ተገዝቶ ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለሞተሩ ይሰጣል። ሥርዓቱ የተሠራው ሌባ ለመያዝ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ለከተማ ቢሮ ሁለት ቀን የሚፈጀው፣ ተራራ ላይ ላለ ሰው ሳምንታት ነው።

ጫማውን ጠጋ ብለን እንየው፣ ዛሬ የመጣሁት ለእሱ ነው ማለት ይቻላል። ግዢ የሚፈጸመው የሥራ ክፍሉ በሚጽፈው ስፔሲፊኬሽን ነው፣ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ወረቀቱ "ጫማ፣ ጥቁር፣ ቆዳ" ብቻ ካለ፣ አሸናፊው የሚያመጣው ለሠርግ የሚሆን ጫማ ነው። ሕጉን አልጣሰም! በአንድ ክረምት ሶሉ ይላቀቃል። መጻፍ ያለበት እንዲህ ነው፦ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጎማ፣ በሙጫ ብቻ ሳይሆን በክር የተሰፋ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ምላሱ እስከ ላይ ከጎኖቹ ጋር የተያያዘ። ከዚያ የእያንዳንዱ ስካውት ቁጥር፣ 40 ስንት፣ 42 ስንት ተብሎ። ናሙና ሳይታይ ደግሞ ውል አይፈረምም። ይህን አንድ ገጽ ለመጻፍ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም።

"ስካውቶቹ የት ሄዱ?" ለሚለውም ሂሳብ አለው። 15 ሺህ ሄክታር 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ለምሳሌ 20 ስካውት ያለው ፓርክ ቢሆን፣ ዕረፍት የወጣውን፣ የታመመውን፣ በር የሚጠብቀውን፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ለምስክርነት የሄደውን ቀንሱ። ሜዳ ላይ 12 ቢቀሩ ጥሩ ነው። ብቻ መሄድ አደጋ ስለሆነ ሦስት ሦስት ሆነው ይወጣሉ፣ አራት ቡድን። ለአንዱ ቡድን ከ37 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሰዋል፤ ገደሉና ሽቅቡ ሳይቆጠር፣ በእግር።

ድንበሩ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚያ ነው። ገበሬው "የኔ ማሳ ነው" ይላል፣ ፓርኩ "የኔ ክልል ነው" ይላል፣ ሁለቱም ወረቀት አላቸው፣ ሁለቱም አይዋሹም። እንዴት ይሆናል? የቆዩት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ መነሻ ማለት የቦታ ቁጥሮች የሚቆጠሩበት መሠረት ነው። እጅ ላይ ያለው ጂፒኤስ ደግሞ ካልቀየሩት ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለቱ ቢነበብ መሬት ላይ ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃል። ከቆየ ካርታ የተነሳ ቁጥር ሳይቀየር ጂፒኤስ ውስጥ ገብቶ ችካል ከተተከለ፣ የአንድ ሰው ሙሉ የገብስ ማሳ ፓርክ ውስጥ ይገባል፣ በሌላው በኩል የፓርኩ ጓሳ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ የድንበር ነጥብ ሲጻፍ መነሻው አብሮ ይጻፍ፣ የካርታ ዞኑም፣ እዚህ 37 ሰሜን ነው። ከዚያ ችካሉ ሳይተከል ከቀበሌው ሽማግሌዎችና ከባለማሳዎቹ ጋር ነጥቡ ድረስ በእግር መሄድ። ገበሬው የይዞታ ደብተሩን ይዞ እዚያው ቢመጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ቢሮ ውስጥ ከተጨረሰ ግን ዓመታት ፍርድ ቤት ይንከራተታል። እንግዲህ ደንቆሮው ማን እንደሆነ ደረስንበት፣ ቆሞ የሚነግረውን ሰው ሳያዳምጥ ችካል የሚተክለው።

ሦስተኛው፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ያለው ብር። ቀይ ቀበሮን ከጥይት ይልቅ በቶሎ የሚጨርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ ወሎ ላይ የቀሩት ጥቂት መንጋዎች ናቸው። ባሌ ውስጥ በ1996 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ገደማውን ጨረሰ። በሽታው የሚመጣው ከእረኛው ውሻ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ቡችላ ስለሚወለድ ግን በየጊዜው መደገም አለበት፤ ክትባቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ባሌ ላይ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደረገ የአፍ ክትባት ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት ተጀምሯል። የእረኛው ውሻ ክትባት ግን የፓርኩ በጀት ውስጥ አይደለም፣ የእንስሳት ጤና ሥራ ስለሆነ ግብርና ጋ ነው። ፓርኩ የቱ ቀበሌ እንደሚቀድም ያውቃል፣ በረዶ ሳጥኑ ያለው ግን ሌላው ጋ ነው። ጭላዳ ገብሱን የበላበት ገበሬ ደግሞ ካሳ የሚያገኝበት የተለመደ መንገድ የለም። ከዚያ ገበሬ ጋር ስለ ጥበቃ ለማውራት ወፍራም ፊት ይጠይቃል።

ጎረቤት መንዝ ጓሳን አስቡ። የቄሮ ሥርዓት፣ ማኅበረሰቡ ሣሩን በጋራ የሚያስተዳድርበት ባህላዊ ደንብ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ሣሩን ለዓመታት ይዘጋ ነበር፣ ሲደርስ ይከፍታል። የሚከፈተው በሣሩ ነበር እንጂ በሐምሌ 1 አልነበረም።

እንግዲህ ከተናደዳችሁ፣ ንዴታችሁን ጻፉት። "ፓርካችን ትኩረት ይሰጠው" ብላችሁ አትጻፉ፣ እሱ መዝገብ ቤት ነው የሚቀረው። እንዲህ ጠይቁ፦ ዘንድሮ በ6211፣ በ6217 እና በ6231 ስንት ጸደቀ፣ እስከ ታኅሣሥ 30 ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ? የእሳት መስመር ስንት ኪሎ ሜትር ታቀደ፣ ስንት ተጠረገ፣ በየትኛው ወር? የድንበር ነጥቦቹ በየትኛው መነሻ ተለኩ? ደብዳቤው ጥር ላይ ይግባ፣ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ተዘግቶ ሳያልቅ። አድራሻው ለክልሉ ይሁን፣ ግልባጭ ለዞኑና ለወረዳው ምክር ቤት፣ አንድ ደግሞ ለግብርና፣ ስለ ውሾቹ። ስታስገቡ የገቢ ቁጥርና ቀን እናንተ በምታስቀሩት ቅጂ ላይ አስመቱ።