የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ሥዕል ፊት ቆመን የምንሰማቸው ቃላት

ጥያቄ፦ ሥዕል የተሣለበት ግድግዳ ጠፍጣፋ ነው። ታዲያ ጥልቀት የሚታየን እንዴት ነው? "ፐርስፔክቲቭ" የሚሉት ይህንን ነው?

አዎ፣ እሱን ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቆመው ወደ ፊት ይመልከቱ። የመንገዱ ዳርና ዳር እየተጠጋጋ ሄዶ ሩቅ ቦታ የሚገናኝ ይመስላል። ሠዓሊው ያንን መገናኛ ሥዕሉ ላይ ይመርጥና ወደ ውስጥ የሚርቁትን መስመሮች በሙሉ ወደዚያ ይስባቸዋል። ቦታው የመጥፊያ ነጥብ ይባላል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ በጣልያኗ ከተማ ፍሎረንስ ውስጥ ዘዴውን በሙከራ አሳየ። ጸሐፊውና አርክቴክቱ አልቤርቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1435 ሕጉን በጽሑፍ አስቀመጠው።

የሊዮናርዶን "የመጨረሻው እራት" ምስል ካገኙ ማስመሪያ ይዘው ይሞክሩት። የጣሪያውና የግድግዳዎቹ መስመሮች ተከታትለው የሚሄዱት ወደ ክርስቶስ ራስ ነው። ሥዕሉ ሲጠገን ልክ እዚያ ቦታ ላይ የሚስማር ቀዳዳ ተገኝቷል። ሊዮናርዶ ሚስማሩ ላይ ክር አስሮ መስመሮቹን እንደለካበት ይታመናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ዓይናችን ሳይታዘዝ ወደ መሐል የሚሄደው በአንዲት ሚስማር ምክንያት ነው!

አንድ ነገር ግን አደራ። ፐርስፔክቲቭ የሌለውን ሥዕል "ያልቻለ ሰው ሥራ" አትበሉት። በጥንታዊ ግብፅ ሥዕል ንጉሡ ከሌሎቹ ገዝፎ የሚታየው ቅርብ ስለቆመ ሳይሆን ማዕረጉ ስለሚበልጥ ነው። መጠኑ የሚናገረው ስለ ክብር ነው።

ጥያቄ፦ ኪያሮስኩሮ ማለት ጥቁር ቀለም ማብዛት ነው?

አይደለም። ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ ብርሃንና ጨለማን አንድ ላይ ይጠራል። ሠዓሊው ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ እያለ ሲሸጋገር ጠፍጣፋው ፊት ክብ ሆኖ ይወጣል። ጣልያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ ይህንን እስከ ጫፍ ወስዶታል። ሮም ያለውን "የማቴዎስ መጠራት" ሲያዩ ከቀኝ የገባውን ብርሃን በጣትዎ ይከተሉት። የሚያርፈው ሰዎቹ ፊት ላይ ነው፤ ታሪኩን የሚነግረን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኢምፕሬሽኒዝምና ኤክስፕሬሽኒዝም ሁሌ ይምታቱብኛል።

ብዙ ሰው ይምታቱበታል፣ አይጨነቁ። የመጀመሪያው ከውጭ የመጣውን ብርሃን ይይዛል፤ ሁለተኛው ከውስጥ የፈነዳውን ስሜት። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1874 ፓሪስ ላይ ሥራቸውን ሲያሳዩ አንድ ሐያሲ ከሞኔ ሥዕል ርዕስ ላይ "ኢምፕሬሽን" የሚለውን ቃል ወስዶ አላገጠባቸው። ስሙ ግን ጸደቀ። በኤክስፕሬሽኒዝም ሰማዩ ቀይ ከሆነ፣ ሠዓሊው የጭንቀቱን ቀለም ሰጥቶት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢኮኖግራፊ ምንድን ነው? የምልክቶች መዝገበ ቃላት ልንለው እንችላለን?

ግማሹን አግኝተውታል። ኢኮኖግራፊ በሥዕል ውስጥ ያሉ ሰዎችን፣ ዕቃዎችንና ታሪኮችን የመለየት ጥናት ነው። ቁልፍ የያዘውን ሽማግሌ ጴጥሮስ ነው የምንለው በዚህ ነው። "መዝገበ ቃላት" በሚለው ላይ ግን አልስማማም። መዝገበ ቃላት ገልጠን አንድ ፍቺ ይዘን እንሄዳለን፤ ሥዕል ግን እንዲህ አይነበብም።

የራስ ቅልን እንውሰድ። በ17ኛው መቶ ዘመን የኔዘርላንድ ሥዕሎች ውስጥ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠፋ ሻማና ከሰዓት ጎን ይቀመጣል። ዕድሜ አላፊ መሆኑን ያስታውሳል። ያው የራስ ቅል በስቅለት ሥዕል ከመስቀሉ ሥር ሲሆን ደግሞ የአዳም ነው። በጥንት ትውፊት አዳም የተቀበረው ጎልጎታ ላይ ነው ይባላል። ስለዚህ የክርስቶስ ደም ወደ ራስ ቅሉ ሲወርድ የሚታየው የመዳን ተስፋ ነው። አንዱ ጋ ሞትን የሚያስታውሰው አጥንት ሌላው ጋ ሕይወትን ያበሥራል። ስለዚህ ምልክት ባዩ ቁጥር መጀመሪያ "ከጎኑ ምን አለ?" ብለው ይጠይቁ።