ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ክፍል የማነሣው ዕድሜ የጠገቡ የናፍጣ ባክሆ ሎደሮች፣ ማለትም ከፊት መጫኛ ከኋላ መቆፈሪያ ያላቸው ማሽኖች፣ በነዳጅ ምክንያት ሲያስቸግሩ ችግሩ ከየት ጀምሮ እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚጠገን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቄ የማምንበት አንድ ነገር አለ። ማሽኑ ጉልበት ባጣ ወይም መሐል ሥራ ላይ በጠፋ ቁጥር ኢንጀክሽን ፓምፑን፣ ማለትም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከውን ፓምፕ፣ ፈትቶ ወደ ፓምፕ ቤት የመላክ ልማዳችን ባለንብረቱን ያለ አግባብ ያስወጣል፣ ደህና የነበረውንም ፓምፕ ያስነካል። የመጨረሻ ተጠርጣሪ መሆን የሚገባውን ዕቃ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ አድርገነዋል።

ንግግሬ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ሞተር ልያዝ። ፐርኪንስ 4.236 አራት ሲሊንደርና 236 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 3.9 ሊትር ያህል ይዘት ያለው ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ የቀረበው ጄሲቢ 3ሲኤክስ በ1980ዎቹ፣ በ1985 የመጣው ካተርፒላር 416ም እንዲሁ ይህንኑ ሞተር ተሸክመው ሠርተዋል። ነዳጁን የሚቆጣጠር ኮምፒውተርም ሆነ ሴንሰር ስለሌለው የነዳጅ ጥፋቱን በመብራት አይናገርም፤ የሚናገረው በጭሱ፣ በድምፁና በነዳጁ ብቻ ነው። እነዚህን ሦስቱን በትዕግሥት ለሚመለከት ሰው ግን ከዘመናዊዎቹ ይልቅ ግልጽ የሆነ ሞተር ነው ብዬ አምናለሁ።

የነዳጁ መንገድ አጭር ነው። ፊድ ፓምፑ ናፍጣውን ከሳልቫትዮው ማለትም ከነዳጅ ታንኩ ይመጥጣል፣ በፊልትሮው ማለትም በማጣሪያው በኩል ለኢንጀክሽን ፓምፑ ያደርሳል፣ ኢንጀክሽን ፓምፑ በከፍተኛ ግፊት ናፍጣውን በሲሊንደሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች ይልከዋል፣ የተረፈውም ወደ ሳልቫትዮው ይመለሳል። እዚህ ላይ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው የመጀመሪያውን ክፍል ነው። ከሳልቫትዮው እስከ ፊድ ፓምፑ ያለው መስመር የሚሠራው በመምጠጥ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የላላ ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ሲኖር ሞተሩ እየሠራ ናፍጣ ወደ ውጭ አይፈስስም፤ ይልቁንም አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ናፍጣ የሚያፈስስ ቱቦ በእርጥበቱና በተጣበቀበት አቧራ ራሱን ያጋልጣል፤ አየር የሚስብ ቱቦ ግን ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ባለሙያው አልፎት ሄዶ ፓምፑን የሚወነጅለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ማሽኑ አልነሣም ሲል በመጀመሪያ ረዳቱ ሞተሪኖውን፣ ማለትም የማስነሻ ሞተሩን፣ እንዲያዞር አድርጎ ጭስ ማውጫውን ማየት ነው። ሞተሩ እየዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር አልደረሰም ማለት ነውና ማጥፊያው ገመድ ወይም ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራው የነዳጅ መዝጊያ፣ በማጥፊያ ቦታው ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን አረጋግጦ ወደ ነዳጅ መስመሩ መሄድ ይገባል። ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሣ ደግሞ ናፍጣው ደርሷል፣ ያልተቃጠለው በቅዝቃዜ፣ በኮምፕሬሽን ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ ባለው የአየር መታመቅ ማነስ ወይም በታይሚንግ ማለትም ናፍጣው በሚረጭበት ጊዜ መዛባት ሊሆን ይችላል። ይህ አንድ ምልከታ ብዙ ከንቱ ልፋት ያስቀራል።

ቀጥሎ የሳልቫትዮው ክዳን ነው። የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራና በጭቃ ሲደፈን በተመጠጠው ናፍጣ ምትክ አየር ስለማይገባ ሳልቫትዮው ናፍጣውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ሞተሩም ቀስ በቀስ ይራባል። ማሽኑ ሊጠፋ ሲል ክዳኑን ፈታ አድርጋችሁ የፉጨት ድምፅ ከሰማችሁና ሞተሩ ካገገመ ምክንያቱ ተገኝቷል፤ መተንፈሻውን አጥቦ ማጽዳት በቂ ነው።

ከዚያ ወደ ፊድ ፓምፑ የደለል መያዣ እንሂድ። ብዙዎቹ ላይ ከብርጭቆ የተሠራች ትንሽ ኩባያ አለች፣ ከላይዋም ቀጭን ወንፊት ይገኛል። ኩባያዋን ፈትታችሁ በብርሃን ፊት ያዙአትና ተመልከቱ። ውኃ ካለ ከናፍጣው በታች ተለይቶ እንደ እንክብል እየተንከባለለ ይታያል፤ ከሥሩ ቡናማና ደቃቅ የሆነ ዱቄት ከተኛ የሳልቫትዮው ውስጥ ዝጓል፤ ጥቁርና የሚያዳልጥ ዝቃጭ ከሆነ ደግሞ በውኃና በናፍጣ መካከል የሚራባ ተህዋስ አለ። እኔ ከሁሉም የምፈራው ውኃውን ነው፣ ምክንያቱም በዚህ ሞተር ላይ የሚታሰረው ሲኤቪ ዲፒኤ የተባለው ኢንጀክሽን ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነውና ውኃ በገባበት ጊዜ ያለ ቅባት ይሠራል። በርሜልና ጀሪካን እየተገለበጠ ነዳጅ በሚሞላበት የሥራ ቦታ ላይ ይህች ኩባያ በየጠዋቱ ልትታይ ይገባል፤ ማታ ሳልቫትዮውን ሞልቶ ማሳደርም በሌሊቱ ቅዝቃዜ ውስጡ የሚጠራቀመውን እርጥበት ይቀንሳል።

አንድ የማልረሳው ማሽን አለ። የውኃ መስመር ቦይ ይቆፍር የነበረ 3ሲኤክስ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ሠርቶ ጉልበቱ እየወረደ ይጠፋል፣ ጥቂት አርፎ ሲቀሰቀስ እንደገና ይነሣል። ፓምፑ ከዚያ በፊት ተፈትቶ ተሠርቶ ተመልሷል፣ ባለንብረቱም ማሽኑን ሊሸጠው ተቃርቦ ነበር። ከፊድ ፓምፑ ላይ የመምጫውን ቱቦ ፈትተን ወደ ሳልቫትዮው በኩል በቀስታ አየር ስንነፋ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያም በድንገት ተለቅቆ በሳልቫትዮው ውስጥ ይንፎለፎል ጀመር። ሳልቫትዮው ሲወርድና ሲታጠብ የወጣው የጀሪካን ክዳን ውስጥ የሚገኝ ስስ የላስቲክ ማሸጊያ ነበር። ሞተሩ ሲመጥጥ ማሸጊያው ሄዶ ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቅቃል። ሠርቶ የሚጠፋ፣ አርፎ የሚነሣ ማሽን ባጋጠማችሁ ጊዜ ይህን አስቡ።

አየር እየገባ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በፊልትሮውና በኢንጀክሽን ፓምፑ መካከል ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አስገቡ፤ ሞተሩ እየሠራ አረፋ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያም ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጣችሁ ከሳልቫትዮው የሚመጣውን ቱቦ በእርሱ ተኩት። ማሽኑ በጭነት ላይ ያለ ችግር ከሠራ ኢንጀክሽን ፓምፑና ኖዝሎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋቱ በተተካው መስመር ወይም በፊድ ፓምፑ ላይ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ርካሽና አሳማኝ ምርመራ አላውቅም። የተገኘውን ቱቦ መቀየር፣ የፊልትሮውን የጎማ ማሸጊያዎችም አሮጌዎቹን ሳይመልሱ በአዲስ መተካት ያስፈልጋል።

አየሩን ለማስወጣት በፊድ ፓምፑ ላይ ያለችውን የእጅ ማንሻ እየመቱ በመጀመሪያ በፊልትሮው ራስ፣ ቀጥሎ በኢንጀክሽን ፓምፑ ጎን፣ ከዚያም በገቨርነሩ ማለትም በሞተሩ ዙር መቆጣጠሪያው ክዳን ላይ ያሉትን የአየር ማስወጫ ብሎኖች በየተራ አላልቶ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲመጣ ማጥበቅ ነው። ማንሻዋ ምንም ሳትገፋ ባዶ ከሆነች ተበላሽታ ላይሆን ይችላል፤ የሚገፋት የካም ጥርስ ከፍ ባለበት ቆሞ ስለሚሆን ሞተሩን አንድ ዙር አዙሮ እንደገና መሞከር ነው። በመጨረሻም የኖዝል ቧንቧዎቹን ጫፍ አላልቶ፣ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍቶ፣ ሞተሪኖውን እያሳረፉ ማዞር ይቀራል። በዚህ ጊዜ እጃችሁን አደራ። ከኖዝል የሚወጣው ናፍጣ 200 ባር አካባቢ በሆነ ግፊት የሚረጭ ስለሆነ ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም እጅ ሊያሳጣ የሚችል ነውና በፍጥነት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ፍንጣቂ በካርቶን እንጂ በጣት አይፈለግም።

ስለ ጥቁር ጭስም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ተርቦ ማለትም አየር የሚያምቅ መንፊያ የሌለው ሞተርም የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ይህን ሳያገናዝቡ የፓምፑን የነዳጅ መጠን ብሎን ከፍቶ ጉልበት ለመጨመር መሞከር ናፍጣን ወደ ጥላሸት መለወጥ ብቻ ነው፣ ሞተሩንም ያግለዋል። ጥቁር ጭስ ሲታይ የአየር ፊልትሮውን ማየት ይቅደም። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚንገጫገጭ ከሆነ ደግሞ እጅን በጓንትና በጨርቅ ጠብቆ የእያንዳንዱን ኖዝል ቧንቧ ማሰሪያ በየተራ ጥቂት ማላላት ነው፤ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ሥራ ያቆመው እርሱ ነው። ያ ኖዝል ወጥቶ በመሞከሪያ ይታይ፤ ሲመለስም ከሥሩ የሚገባው የመዳብ ቀለበት አዲስ ይሁን።

ይህ ሁሉ ታይቶ ፓምፑ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ በእርግጥ አለ። ዋናው ምልክቱ ሞተሩ ጠዋት በብርድ ደህና ተነሥቶ ከሠራና ከጋለ በኋላ ሲያጠፉት አልነሣም ማለቱ ነው። በዲፒኤ ፓምፕ ውስጥ ያለው ሮተር ማለትም የሚሽከረከረው ክፍል ከተበላ በኋላ፣ የጋለ ናፍጣ እየቀጠነ በክፍተቱ ያመልጣል፣ በሞተሪኖ ዝግተኛ ዙር ደግሞ ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት አይፈጠርም። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በፓምፑ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ፤ ሲበርድ ከተነሣ ሮተሩ ተበልቷል። ሞተሩ እየሠራ ግን ውኃ እንዳታፈስሱበት፣ ድንገት ተኮማትሮ ሊነክስ ይችላል። እንዲህ ከተረጋገጠ በኋላ ፓምፑ ይፈታ፤ ከመፈታቱም በፊት የታይሚንግ መስመሩ ፓምፑ ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ፍላንጅ በሁለቱም በኩል በግልጽ መታየቱን አረጋግጡ፣ ካልታየም በስለታማ ነገር ጫሩበት፤ ሲመለስ በዚያው መስመር ላይ ይታሰር።