መዝገቡን ማን ያያል?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር የማን ይሁን በሚለው ላይ ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞቼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለተናገሩ እኔ ዝቅ አድርጌ ልጀምር። ሙያዬ ንግድ ነው፤ ሄርማታ ገበያ ሱቅ አለኝ። ኳስ ተጫውቼ አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ልጅ ሳለሁ በረኛ ያደርጉኝ የነበረው ሌላ ሰው ሲጠፋ ብቻ ነው። እዚህ መድረክ ላይ ያወጣችሁኝ ለ19 ዓመት የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ስለሆንሁ ይመስለኛል። የምናገረውም እንደ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ቅር እንዳይላችሁ።

ባለፈው እሑድ ከሱቄ አጠገብ ባለች የዲኤስቲቪ ቤት ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። የግሌዘር ቤተሰብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዛ አብዛኛውን ገንዘብ ተበድሮ እንደነበር፣ ከዚያም ዕዳውን ዕዳ ባልነበረበት ክለብ ትከሻ ላይ እንደጫነው አንድ በአንድ ይተነትናል። የአርሰናሉ ደግሞ አላነሰም። አሜሪካዊው ባለሀብት ክሮንኬ በዚያው አቆጣጠር በ2018 ክለቡን ጠቅልሎ ሲይዝ አንድና ሁለት አክሲዮን ከአባቶቻቸው የወረሱ ተራ ደጋፊዎች ሳይወዱ እንዲሸጡ መገደዳቸውን እያነሳ ይቆጫል። ሻዬን እየጠጣሁ አደነቅኋቸው። የባንክ ሠራተኛ እንኳ እንዲህ አያብራራም። ከዚያ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋቸው፤ «ልጆቼ፣ የእኛ ክለብ የዘንድሮ በጀት ስንት ነው?»

ዝም አሉ። አንደኛው ፈገግ ብሎ፣ «እሱ እኮ የመንግሥት ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህች መልስ ነው።

ልጁ አልተሳሳተም። በአገራችን አብዛኛው የከተማ ክለብ የሚኖረው ከከተማ አስተዳደር በሚመደብለት በጀት ነው። ከተማው ደግሞ መንገድ አለበት፣ ውኃ አለበት፣ ትምህርት ቤት አለበት። በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ ደመወዝ ሲዘገይ ተጫዋች ልምምድ ያቆማል፤ እኛ ደግሞ ቅዳሜ ሜዳ ገብተን «ወኔ የላቸውም» ብለን እንሳደባለን። ይህን የምለው አስተዳደሩን ለመክሰስ አይደለም። ያለ አስተዳደሩ ክለብ አይኖረንም ነበር። የሚያሳስበኝ «የመንግሥት ነው» የምትለው ቃል በሁላችንም አፍ ውስጥ «እኔን አያገባኝም» ማለት መሆኗ ነው። ስናሸንፍ ግን «የእኛ» ነው! በ2010 ዓ.ም. «የመንግሥት ክለብ ዋንጫ በላ» ያለ ሰው በዚህ አዳራሽ ካለ እጁን ያውጣ።

ያን ዓመት ደጋግሜ አነሳዋለሁ፤ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አስቆጥሮ የኮከብ ግብ አግቢነቱን ክብር ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኝተን በድምር ውጤት 2 ለ 1 ወደቅን፤ የመልሱን ጨዋታ ግን 1 ለ 0 አሸንፈናል። አል አህሊን! እኔ ያን ቀን ሱቄን በቀትር ዘግቻለሁ፤ ከዚያ በፊት በቀትር የዘጋሁት ለቀብር ብቻ ነበር።

ከዚያስ? በ2014 ከሊጉ ወረድን። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት። ሕፃን ልጅ ተወልዶ መዋለ ሕፃናት ሳይጨርስ ማለት ነው።

ሰው ሁሉ ምክንያቱን ተጫዋች ላይ ያደርጋል፣ አሰልጣኝ ላይ ያደርጋል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ላስታውሳችሁ። ዋንጫውን ያመጡልን አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ በማግስቱ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ይዘው ዳግመኛ ሻምፒዮን ሆኑ። ሰውየው ሲሄዱ ዕውቀቱም አብሯቸው ሄደ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ባለሙያ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ይሄዳል። ግን እሳቸው ሲሄዱ እኛ ጋር ምን ቀረ? የትኛው ተጫዋች ለምን እንደተመረጠ፣ ልምምዱ እንዴት እንደተዘረጋ፣ ማን በየትኛው ሳምንት እንደተጎዳና እንዴት እንዳገገመ የሚናገር አንድ ፋይል አይቶ የሚያውቅ ደጋፊ አለ? ሱቅ ውስጥ አንድ ጎበዝ ሻጭ ሲለቅ ደንበኞቹን ሁሉ ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ሱቅ የሻጩ ነው እንጂ የባለቤቱ አይደለም።

በአገራችን ቡድን የሚሠራው በክረምት ነው። ነሐሴ ሲመጣ የዝውውር ወሬ ይሞቃል፤ አስር ይለቃል፣ አስራ ሁለት ይገባል፤ የፊርማ ገንዘብ ይወጣል፤ ኅዳር ላይ ቡድኑ ገና ስም እየተጠናና ነው። ጥር ላይ አሰልጣኝ ይሰናበታል። ፌዴሬሽኑ በ2011 የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲያበጅ የታሰበው ይህን ሩጫ ለመግታት ነበር። ጣሪያው ላይ የቆመው ግን ደረሰኙ ነበር፤ ከደረሰኝ ውጭ የሚሄደውን ገንዘብ ጣሪያ አያግደውም። ይህን የምታውቁት ነው፤ አልገፋበትም።

አሁን ወደ ዛሬው ክርክር ልምጣ። አንዱ ወንድሜ «ለባለሀብት ይሸጥ» አለ። ሌላው «ደጋፊው ይግዛው» አለ። ሁለቱም በስሜት ስለተናገሩ ተጨበጨበላቸው፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ለባለሀብት ያላችሁ፣ ፖርትስማውዝን አስታውሱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በእንግሊዝ የኤፍኤ ዋንጫን የበላ ክለብ ነው። ገንዘብ ያፈሰሱት ባለቤቶች ተለዋወጡ፤ ደመወዙ ከገቢው በላይ ሆነ፤ በዚያው አቆጣጠር በ2010 ክለቡ በኪሳራ አስተዳደር ሥር ወድቆ ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ፤ በ2013 አራተኛ ዲቪዚዮን ላይ ተገኘ። አምስት ዓመት! የእኛን ታሪክ የሚነግረኝ ሰው መስሎኝ ነበር መጀመሪያ ስሰማ። ከዚያ ያዳኑት ደጋፊዎቹ ናቸው፤ አንዱን ድርሻ በ1,000 ፓውንድ ገዝተው ክለቡን ከሞት አወጡት፤ ዕዳውን ከፈሉ።

ደጋፊው ይግዛው ያላችሁ ደግሞ ጨዋታው እዚያ እንዳላለቀ ስሙ። እነዚያው ደጋፊዎች በአውሮፓውያኑ 2017 ድምፅ ሰጥተው ክለቡን ለአሜሪካዊ ባለሀብት ሸጡት። ከዚያ በላይ ለማደግ የሚያስፈልገውን ገንዘብ እንደማይችሉት ስላወቁ ነው። እኔን የገረመኝ መግዛታቸው አይደለም፣ መሸጣቸውም አይደለም። ሁለቱንም ጊዜ ሒሳቡን ከፊታቸው ዘርግተው መወሰናቸው ነው። ጀርመኖች ደግሞ ከአንዳንድ ክለቦች በቀር የድምፅ አብላጫው ከአባላቱ እጅ እንዳይወጣ በሊጋቸው ደንብ ደንግገዋል። በባየርን ሙኒክ አዲዳስ፣ አውዲና አሊያንዝ ድርሻ አላቸው፤ ሦስቱ ተደምረው ግን ከሩብ አይበልጡም፤ ሦስት አራተኛው የአባላቱ ማኅበር ነው። ባለሀብቱ ገብቷል፤ ወንበሩ ግን ተቆጥሯል።

እንግዲህ «የማን ይሁን?» ከማለታችን በፊት «መዝገቡን ማን ያያል?» እንበል። መዝገቡ ካልታየ መንግሥትም ይዞት፣ ባለሀብትም ገዝቶት፣ እኛም ተካፍለነው ያው ነው።

ይህን የተማርሁት በመጽሐፍ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ የሰፈር ቡድን ኮሚቴ ውስጥ ነበርሁ። ለማልያና ለጫማ መዋጮ ሰበሰብን። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር፤ ዛሬም እምልለታለሁ። ግን ገንዘቡን የሚመዘግበው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ነው። አንድ ቀን ሸሚዙ ታጠበ። ወረቀቷ ኪሱ ውስጥ ሆና ታጠበች፤ ስትወጣ ቀለሙ ሁሉ ወደ ሰማያዊ ውኃ ተለውጦ «ከበደ 20» የምትል ብቻ ቀርታ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንዳልሰጠ ክርክር ተነሳ። «በልቶታል» ተባለ። አልበላም፤ እኔ አውቃለሁ። ግን ማስረዳት አልቻለም። ቡድኑ ፈረሰ፤ ሁለት ጎረቤታሞች እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። ልጆቹም ማልያ ሳይለብሱ አደጉ።

በዕድራችን ግን ይህ ሆኖ አያውቅም። ለምን? መዝገቡ ይሄ ነው፤ ይዤው መጥቻለሁ። የፊት ገጹን የቡና እድፍ አበላሽቶታል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የእኔ ጥፋት ነው። በግራ ስም፣ ቀጥሎ ወር፣ ቀጥሎ የከፈለው፣ ቀጥሎ የካርኒ ቁጥር፣ በመጨረሻ ፊርማ። በየሦስት ወሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ለድንኳን የወጣው፣ ለሳህን የወጣው፣ የተሰበረው ብርጭቆ ሳይቀር ይነበባል። አንዲት እናት በአንድ ወቅት ስለ ስድስት ብርጭቆ ለአርባ ደቂቃ ተከራክረውናል። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ዕድሩን ያቆሙት እሳቸው ናቸው።

አሁን ቁጥር ልንገራችሁ። 10,000 ሰው በወር 50 ብር ቢያዋጣ በዓመት 6 ሚሊዮን ብር ነው። ብዙ ይመስላል። 25 ተጫዋች ያለው ቡድን ሁሉንም በ2011ዱ የ50,000 ብር ጣሪያ ቢከፍል ደግሞ ደመወዙ ብቻ 15 ሚሊዮን ብር ነው፤ የፊርማ፣ የሆቴል፣ የአውቶቡስ፣ የሕክምና ሳይጨመር። ስለዚህ «በመዋጮ ክለቡን እንገዛለን» የሚላችሁን አትስሙ፤ አንችልም። የእኛ 50 ብር አጥቂ አያመጣም። አጥቂ እንዲያመጣም አልፈልግም። የእኛ ገንዘብ ለተስፋ ቡድኑና ለታዳጊዎቹ ብቻ ይዋል፤ ለብቻው የባንክ ሒሳብ ይከፈትለት፤ በዋናው ቡድን የፊርማ ገንዘብ ውስጥ እንዳይቀላቀል። በምትኩ የምንጠይቀው በቦርዱ ውስጥ ሁለት ወንበርና መዝገቡን የማየት መብት ነው።

ጉዳዩ ስለ መዋጮ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ሊጋችን በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር የአምስት ዓመቱ ውል 68 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ተነግሯል። ክለቦቹም የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ባለአክሲዮን ናቸው። ያን ዓመት ጨዋታዎቹ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየምም ስለተካሄዱ ቡድኖቹ ሁሉ እዚህ አርፈው ሆቴሎቻችን ተጠቅመዋል፤ እኔም ከወትሮው የበለጠ ውኃና ሳሙና ሸጫለሁ። ከዚያ የቴሌቪዥን ገበታ ለክለባችን የደረሰው ስንት ነበር፣ ስንወርድስ የቀረብን ስንት ነው? ይህ ስድብ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ስሙን የተዋስነው ንጉሥ፣ የጂሬኑ ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ የሄርማታን የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚመጣበት አድርገውት ነበር። በነጋዴ ከተማ ሒሳብ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይችልም።

ከጓደኞቼ አንዱ «ለምን ትቸኩላላችሁ? ችግር ሲመጣ ደጋፊው ይጠራል» ይለኛል። በርጩማ የሚጠርብ ጎረቤት አለኝ። የጅማ በርጩማ ሦስቱም እግሩና መቀመጫው ከአንድ ግንድ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። አንድ ደንበኛ እግሩ የተሰበረ በርጩማ ይዞለት መጣ፤ «ምስማር ምታበት» አለው። ጎረቤቴ አየው፣ አገላበጠው፣ መለሰለት። «በምስማር የቆመ እግር ሰው ሲቀመጥበት ይከዳል፤ መጀመሪያ ከግንዱ ስጠርበው ነው እግር የሚሆነው» አለ። አስተዳደሩ፣ ነጋዴውና ደጋፊው አሁን፣ ከግንዱ ይጠረቡ። ስንወርድ «ደጋፊ ሆይ እርዳን» ተብለን በምስማር እንዳንመታ።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። አስተዳደሩን በአክብሮት የምንጠይቅበት ደብዳቤ ተዘጋጅቷል፤ ሦስት ነገር ብቻ ይላል፤ ያለፈው ዓመት ገቢና ወጪ በአዳራሽ ይነበብ፣ ለተስፋ ቡድኑ የተለየ ሒሳብ ይከፈት፣ ደጋፊው በቦርዱ ውስጥ ወንበር ይኑረው። ደብዳቤው ላይ ስድብ የለበትም፤ «ሌባ» የሚል ቃል አንድ ወጣት ጨምሮበት ነበር፣ እኔ ሰርዤዋለሁ፤ ማስረጃ የሌለው ቃል መዝገብ ውስጥ አይገባም።

በበሩ በኩል ጠረጴዛ ላይ አዲስ መዝገብ አለ። መስመሩን ትናንት ማታ በማስመሪያ ያሰመርሁት እኔ ነኝ፤ ጠማማ ከሆነ ዓይኔን ውቀሱ። አንደኛው መስመር ላይ የእኔ ስም አለ፣ ሁለተኛው ላይ የባለቤቴ። ካርኒ ሳትቀበሉ ገንዘብ እንዳትሰጡ፤ ለእኔም ቢሆን።