«አሳጥሪው» አልኳት

እሺ... ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ማክሰኞ ከክሊኒክ ከወጣን ጀምሮ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። እቴቴን መቼም ታውቋታላችሁ። ለማታውቋት፣ የቤታችን ትልቅ ሰው ናት።

ሐኪሙ «እማማ፣ ወገብዎን መቼ ነው የጀመረዎት?» አላት። ጀመረች። «የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ነው። ያቺ የጎረቤቴ ልጅ እንጀራ አልቆባት መጣች፤ እኔ ደግሞ ሊጥ አቡክቼ...» ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። እኔ ሐኪሙን አየሁ። «እቴቴ አሳጥሪው፣ ቀኑን ብቻ» አልኳት።

ዝም አለች። እጇ የታክሲ ብር የምትቋጥርበት የነጠላዋ ጫፍ ላይ ነበር። ፈታችው። መልሳ ቋጠረችው። ደግሞ ፈታችው። «ሰሞኑን ነው» አለች። በቃ። ሐኪሙም «ሰሞኑን» ብሎ ጻፈ፣ ማስታገሻ አዘዘ፣ ወጣን።

ማታ ቡና ላይ ጨረሰችልኝ። ለልጅቷ እንጀራ ልታወጣ ስትሄድ ደረጃው ላይ ወድቃለች። ጥር 20 ቀን። መውደቋንም ቀኑንም ልትነግረው ነበር እኮ! እሷ ቀን የምትይዘው በበዓል ነው፣ በሰው ነው፣ በሊጥ ነው። እየቀባጠረች አልነበረም። በራሷ መንገድ እየመጣች ነበር።

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ዕድሜ ሲገፋ አእምሮ ከጉዳዩ ውጪ የሆነን ሐሳብ የመግታት አቅሙ ይደክማል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አገኘ። አረጋውያኑ ከወጣቶቹ ይበልጥ ከርዕስ የወጡት ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲያወሩ ነው። ሥዕል አይታችሁ ግለጹ ሲባሉ እንደዚያ አልሆኑም። ታሪካቸውንም የሰሙ ሰዎች ወደውታል። ስለዚህ ምናልባት... አላውቅም። ሐኪሙም ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቶበታል። እሱንም መውቀስ ከበደኝ።

አባዬም እንዲህ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ክፍያ ስትጠይቁት ከአዋሽ ድልድይ ይጀምራል። አሁን ያንን ድምፅ ብሰማ... ይቅር፣ እሱን ሌላ ጊዜ።

ከዚያ ወዲህ እቴቴ ቤት ውስጥም አሳጥራ ነው የምታወራው። «በላሽ?» ስላት «በልቻለሁ»። ምን እንደበላች፣ ማን እንደመጣ፣ የለም። ሐሙስ ቀጠሮ አለን። ውጭ ብቀመጥላት እላለሁ። ግን ጆሮዋ ደግሞ ትንሽ...